የጋሽ ዘውገ ፔጆና ስንዝር የጎደለው በር

ተረት ላወራችሁ ነው፤ እናንተም «እሺ፣ ከዚያስ?» እያላችሁ ተቀበሉኝ። አቦ ዝም ብላችሁ አትዩኝ! ተቀባይ የሌለው ተረት ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው። እሺ፣ ከዚያስ በሉ። ጎሽ።

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ማዶ፣ ጋሽ ዘውገ የሚባል ሽማግሌ አለ። በድሬ ልማድ አንተ ነው የምለው፤ አንቱ በዪ ብላችሁ እንዳትቆጡኝ። እኔ ትርንጎ እባላለሁ፣ ጎረቤቱ ነኝ፤ የማወራውን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው። ጋሽ ዘውገ ሚስቱ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏል፤ ልጅም አልወለደ። ያለችው አንዲት ፔጆ ፒክአፕ ናት። ቀለሟ የወተት፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ የኋላ ወለሏ እንጨት፣ ዕድሜዋ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ሬሳውን ወደ መቃብር የምታደርሰው፣ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የምታመላልሰው እሷ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ! ደቻቱ ማዶ በሌላ መኪና የተቀበረ ሰው የለም።

ድሮ አሮጌ መኪና ማን ይሰርቅ ነበር? ዘንድሮ ግን ጊዜው ተገለበጠ። ሙሽራዋ በአሮጌ መኪና ካልሄድኩ ትላለች፤ ሀብታሙ አሮጌ መኪና ግቢዬ ካላቆምኩ ይላል። ሌባ ደግሞ ሰው የወደደውን ይወዳል። መጀመሪያ የፔጆዋን ስፖኪዮ ወሰዱ። ቀጥሎ ትርፍ ጎማዋን ወሰዱ። በሦስተኛው ጋሽ ዘውገ ጠዋት ሲወጣ በሯ ተፈልቅቆ፣ ከመሪው ሥር ሽቦው ተጎልጉሎ አገኘው።

«ትርንጎ፣ በአራተኛው ጎትተውም ቢሆን ይወስዷታል» አለኝ። ሽቦውን መልሶ ይቀጥል ነበር።

ያላደረገው ነገር የለም። ጎማዋን ደጁ ካለችው የኒም ዛፍ ጋር በሰንሰለት አሰረ። ባትሪዋን ነቅሎ አልጋው ሥር አስገባ። ከእጀታዋ እስከ እግሩ አውራ ጣት ድረስ በመስኮት ሲባጎ ዘረጋ፤ ፍየል ሲባጎውን በረገጠች ቁጥር በቁምጣው እየዘለለ ይወጣል። ሰፈሩ ሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

የሚፈልገው ግን አንዲት ስንዝር ብቻ ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፤ በሩ ግን ድሮ ለሰውና ለአህያ ተብሎ የተሠራ ነው። ፔጆዋ በስንዝር ትበልጠዋለች። ያቺ ስንዝር ብትገኝ መኪናዋ ግቢ ገብታ ታድራለች፣ በሩ ይቆለፋል፣ ነገሩ አለቀ። ስንዝሯ ግን ከየት ትምጣ?

በሩ አይሰፋ፣ ፔጆዋ አትገባ፣ ጋሽ ዘውገ አይተኛ።

እሺ፣ ከዚያስ በሉ እንጂ!

ከዚያማ ኢብሳ ጋ ሄድን። ኢብሳ ግንበኛ ነው፤ ቀጭን ሰው፣ ሜትሩን ከኪሱ የማይለይ። መጣ፣ የበሩን የድንጋይ ቋሚ አንኳኳ፣ ለካ፣ ምላሱን ቀጭ አደረገ።

«ጋሼ፣ ቋሚውን ማፍረስማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ። «ግን የብረት መዝጊያው እዚሁ ቋሚው ውስጥ ከተቀበረው ብረት ጋር ነው የተበየደው። እሱ ሳይነሳ መዶሻ ባሳርፍ አናቴ ላይ ይወርዳል። የአምስት ልጆች አባት ነኝ። ናስር ቆርጦ ያንሳልኝና በማግስቱ አፈርስልሃለሁ።»

ኢብሳ አያፈርስ፣ በሩ አይሰፋ፣ ፔጆዋ አትገባ፣ ጋሽ ዘውገ አይተኛ።

ናስር ጋ ሄድን። ናስር በያጅ ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ላንተማ በነፃ ነው የምሠራው» አለ። «አባቴ ሲታመም ሐኪም ቤት ያደረስከው አንተ አይደለህ? ግን እየው፣ ከረቡዕ ጀምሮ በዚህ መስመር መብራት የለም። ብረት በጥርሴ አልቆርጥ! ጄኔሬተር ብቻ አምጡልኝ።»

ስንመለስ የፔጆዋ የግራ የፊት መብራት የለም። ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ዘውገ ጣቱን ከቶ ዳሰሰው። እኔ ነኝ ሌባውን ከነዘር ማንዘሩ ስረግም ያመሸሁት።

ጄኔሬተር አይነሳ፣ ናስር አይቆርጥ፣ ኢብሳ አያፈርስ፣ በሩ አይሰፋ፣ ፔጆዋ አትገባ፣ ጋሽ ዘውገ አይተኛ።

እሺ፣ ጄኔሬተር ከየት ይመጣል? ከእድሩ ነዋ! እድራችን ለለቅሶ ቤት መብራት ብሎ የገዛው ጄኔሬተር አለ፤ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጋር መጋዘን ተቀምጧል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አቶ ላቀው ጋ ነው። አቶ ላቀው ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ ያስራል፤ ሲታጠብም አያወልቀው ይባላል።

«ምነው ጋሽ ዘውገ፣ ችግርህ ጠፍቶኝ ነው?» አለ፣ ቁልፉን በእጁ ጨብጦ። «እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም። ዳኛው ይዘዙኝ፤ በሸክም አመጣልሃለሁ።»

«አቶ ላቀው፣ ሰውየው እኮ መኪናው ሊሰረቅበት ነው!» አልኩ።

«እኔስ መጋዘኑ ቢሰረቅብኝ?» አለ።

አይ አቶ ላቀው! ሰው ቁልፍ ሲይዝ እንዲህ ይሆናል።

ላቀው አይከፍት፣ ጄኔሬተር አይነሳ፣ ናስር አይቆርጥ፣ ኢብሳ አያፈርስ፣ በሩ አይሰፋ፣ ፔጆዋ አትገባ፣ ጋሽ ዘውገ አይተኛ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ከዳኛው ደጅ ደረስን። የእድሩ ዳኛ አቶ ወርዶፋ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ አንዴ ከተናገሩ የማይመለሱ። አስቀመጡን፣ ውሃ አስመጡልን፣ እስክንጠጣ ጠበቁ። ይኼኔ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ዘውገ» አሉት፣ «በአንተ ላይ አቤቱታ አለ። አቤቱታ ያለበት ሰው ከከሳሹ ጋር ሳይታረቅ የእድሩ ዕቃ አይወጣለትም። ደንቡን አብረን ነው ያወጣነው።»

«በእኔ ላይ? ማነው የከሰሰኝ?»

«ዘርፌ ናት።»

«አበልጄ?» አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምን አድርጌያት?»

«እሱን እሷ ትንገርህ» አሉት።

ዳኛው አይፈቅዱ፣ ላቀው አይከፍት፣ ጄኔሬተር አይነሳ፣ ናስር አይቆርጥ፣ ኢብሳ አያፈርስ፣ በሩ አይሰፋ፣ ፔጆዋ አትገባ፣ ጋሽ ዘውገ አይተኛ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙ። እትዬ ዘርፌ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ልጅ ነበራት፤ ምንተስኖት ይባላል፣ አስተማሪ ነበር። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ አቅፎ ያነሳው ጋሽ ዘውገ ነው። ያ ልጅ አምና በሠላሳ ዓመቱ፣ ሳምንት ባልሞላ ሕመም ሞተ። የቀበርነው በፔጆዋ ነው። ታዲያ ምን አጠፋ? እኔም አላወቅሁም። ቀድሜ ብቻዬን ሄጄ ጠየቅኋት።

«ሾፌሩ ነው የላከሽ?» አለችኝ። ድሮ አበልጄ እንጂ ሾፌሩ ብላው አታውቅም።

«ምን በደለሽ እትዬ?»

«ሬሳውን አደረሰ። ድንኳኑን አመጣ። ወንበሩን አመጣ» አለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች። «ከዚያ ድንኳኑ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ውስጧ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ትርንጎ! ሰው ሁሉ ገብቶ እግዜር ያጥናሽ አለኝ፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ አለኝ። የልጄ የክርስትና አባት በመስታወት ውስጥ ሆኖ ያየኛል። ቆርቆሮውን ይጠብቃል። ሂጂ ንገሪው፤ ልጄን ያላለቀሰ ሰው፣ መኪናው ብትሰረቅ እኔ አላለቅስም።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

እትዬ ዘርፌ ይቅር አትል፣ ዳኛው አይፈቅዱ፣ ላቀው አይከፍት፣ ጄኔሬተር አይነሳ፣ ናስር አይቆርጥ፣ ኢብሳ አያፈርስ፣ በሩ አይሰፋ፣ ፔጆዋ አትገባ፣ ጋሽ ዘውገ አይተኛ።

ለጋሽ ዘውገ የሰማሁትን ሳላስቀር ነገርኩት። መኪናዋ ወለል ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ነበር። «እውነቷን ነው» አለ።

«አንተ እኮ ሾፌር ነህ፤ ሾፌር መኪናው ጋ ነው የሚቆየው» አልኩት ላጽናናው ብዬ።

«አርባ ዓመት ትርንጎ። ከሚስቴ ለቅሶ በቀር አንድም ድንኳን ገብቼ አላውቅም። ስንቱን አደረስኩ፣ ማንንም አላለቀስኩም። የክርስትና ልጄን ለታ እንኳ... ያን ሰሞን በወዲያኛው ሰፈር የአንዱን መኪና ከለቅሶ ቤት ደጅ ወስደውበት ነበር። ፈራሁ። ዛሬ እወርዳለሁ ስል ነገ፣ ነገ ስል ሦስቱ ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ያ ሽማግሌ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። በሲባጎው የሳቅኩበትን ቀን ጠላሁት።

በነጋታው ቀትር ላይ እትዬ ዘርፌ ጋ ሄድን። ቀትርን የመረጠው ሰው እንዳያየው ነው። ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቀትር ከተማዋ በሯን ዘግታ ትተኛለች፣ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይገኝም። ጉልበቱን ስለሚያመው በመኪናዋ ሄደን የእትዬ ዘርፌ ደጅ ላይ አቆማት። ጋሽ ዘውገ ከመኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ ከሞተሯ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ ያለዚያች ዕቃ ማንም አያስነሳትም። ያን ቀን ግን «ምን ብዬ ልግባ፣ ምን ብዬ ልግባ» እያለ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደ። እኔም ልብ አላልኩም፤ እግዜር ይይልኝ።

እትዬ ዘርፌ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየችው፣ ተመልሳ ወደ ምስሯ። እሱ ደፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ከሩቅ አገር መርዶ ሰምቶ እንደመጣ ሰው፣ ደረቱን እየመታ፣ «ወይኔ ልጄ! ወይኔ ምንተስኖት! ወይኔ ያቀፍኩት!» እያለ ገባ። ልጁ ከሞተ ዓመት ያለፈው፣ ድንኳን የሌለበት፣ ለቀስተኛ የሌለበት ቤት ውስጥ ብቻውን ጮኸ።

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ዘንድሮ ነው የሚለቀስ?» አለችው። ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?»

«መኪናዬ ውስጥ።»

«ለምን?»

«ይሰርቋታል ብዬ።»

«እኔስ ዘውገ? እኔስ አልተሰረቅኩም?»

ወለሉ ላይ ምስሩ መሐል ተቀመጠ፣ እንደማንም ለቀስተኛ። እሷም መናገር ጀመረች። ለእኔ እንኳ ያልነገረችኝን፣ ስለ መጨረሻው ቀን። ትኩሳቱ እንዴት እንደበረታ፣ ሌሊቱን እንዴት እንደታገለው፣ ሲነጋጋ ዓይኑን ገልጦ «እማዬ ውሃ ስጪኝ» እንዳላት።

እዚህ ላይ ደጅ ሞተር ተነሳ።

የፔጆዋን ድምፅ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ስትነሳ ሁለት ጊዜ ትስላለች። ሁለት ጊዜ ሳለች። ጋሽ ዘውገ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ባዶ ነው። አየሁት፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

እኔ ብድግ ብዬ ሮጥኩ። ስወጣ ጅራቷ ጥግ ሲታጠፍ ደረስኩ። «ሌባ! ኧረ ሌባ! ያገር ያለህ!» ማን ይስማኝ? በር ሁሉ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ። ጫማዬ ወልቆ በዚያ ትኩስ አሸዋ በባዶ እግሬ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። አቧራ ብቻ።

ስመለስ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ምን ሆነህ ነው? ሩጥ እንጂ! መኪናህን ወሰዷት እኮ!» ትለዋለች እትዬ ዘርፌ፣ እጁን እየጎተተች።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ?»

«ውሃ ስጪኝ ካለሽ በኋላስ?» አላት። «ጨርሺልኝ።»

እትዬ ዘርፌ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አበልጄ! ወይኔ አበልጄ!» እያለች፣ ለምንተስኖት እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም እግሬ ተቃጥሎ፣ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ልጁ ምን ብሎ እንደሞተም ነገረችው፤ እሱን ግን ለእናንተ አልነግርም።

እና እትዬ ዘርፌ ይቅር አለች። እሷ ይቅር ስትል ዳኛው ፈቀዱ፤ ከወንበራቸው ሳይነሱ ይፈርዱ የነበሩት ሰውዬ በእግራቸው መጡ። ዳኛው ሲፈቅዱ ላቀው ከፈተ፤ ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወጣ ክሩ ተበጠሰ። ላቀው ሲከፍት ጄኔሬተሩ ተነሳ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ናስር ቆረጠ፤ ላቡ ይሁን እንባው ከመነጽሩ ሥር ይወርዳል። ናስር ሲቆርጥ ኢብሳ አፈረሰ፤ በማግስቱ አላለም፣ እዚያው በዚያው አፈረሰ። ኢብሳ ሲያፈርስ በሩ ሰፋ። ስንዝር የተለመነው በር ሁለት ስንዝር ሰፋ!

ለምን እንደሚሠሩት ማንም ማንንም አልጠየቀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንጂ ምን ይባላል? ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልቻሉም። ለፖሊስ ተነግሯል፣ በየኬላው ተነግሯል፤ ምናልባት ከተገኘች በሩ ይጠብቃት አሉ። አልተገኘችም። እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

በሩ ሰፋ፣ ፔጆዋ አልገባች። ጋሽ ዘውገ ግን ተኛ። ምን ይጠብቃል?

በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ «እግዜር ይተካ» ሊለው መጣ። መኪናዋ ልትቆምበት በነበረው ቦታ ላይ አግዳሚ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን። እትዬ ዘርፌ ከጎኑ ነበረች። ናስር፣ «ጋሼ፣ እያመላለስን እኛ ነን የሰረቅንህ» ብሎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ጋሽ ዘውገ በትከሻው ያዘው። «ተው ልጄ» አለው። «እኔም ብዙ ሰው ሰርቄያለሁ።»

ወር ሳይሞላ የአቶ ላቀው እናት አረፉ። ሬሳ የሚወስድ መኪና የለንም። ወንዶቹ በትከሻ ተሸከሟቸው፤ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አሸዋ፣ ግራና ቀኝ እየተቀያየሩ። ጋሽ ዘውገ በዚያ ጉልበቱ ከፊት ሆኖ ተሸከመ፤ አረፍ በል ቢሉትም አልሰማ አለ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ላቀውን አቅፎ እግዜር ያጥናህ አለው፣ ተቀመጠ፣ ከልቡ አለቀሰ። መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ግን ለቅሶውን ገታ ያደርጋል። ያዳምጣል። የሷ ድምፅ አይደለም። ከዚያ ለቅሶውን ይቀጥላል።

እኔ ጨርሻለሁ። አሁን አንዳችሁ ተነሱና ለጉሮሮዬ ውሃ አምጡልኝ።